ከጫጫ ሆኖ ሲኒማ ራስን መናፈቅ

ስለ ድሮ ፒያሳ ወሬ ሲነሣ የአዲስ አበባ ልጆች ድምፅ ይለወጣል። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ ኢምፓየር፣ ሲኒማ አድዋ፣ ወደ ታች አምባሳደር፣ ወደ መርካቶ ሲኒማ ራስ እየተባለ ስም ሲጠራ አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቀ ያወራል፤ የወንበሩን ቀለም፣ የመጋረጃውን አከፋፈት፣ ፊልሙ ሲበጠስ ከፊት ረድፍ የሚነሣውን ፉጨት። ከክፍለ ሀገር የመጣን ሰዎች በዚህ ወሬ መሃል ዝም እንላለን። ሟቹን በስም ብቻ እንደሚያውቅ ለቅሶ ደራሽ ጥግ ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ወሬው እስኪያልፍ እንጠብቃለን።

ይህ ዝምታ አላግባብ ነው እላለሁ። እኔ የጫጫ ሰው ነኝ። ወደ እነዚያ ቤቶች ከገባሁበት ዘመን ይልቅ ሳልገባባቸው የኖርኩበት ዘመን ይረዝማል፤ ናፍቆቴም የተሠራው በአብዛኛው በዚያኛው ዘመን ነው። ያላዩትን መናፈቅ ይቻላል ወይ የሚለኝ ቢኖር፣ እናቶቻችን ኢየሩሳሌምን ሳያዩ ሲናፍቁ ኖረው አልፈዋል፤ ናፍቆታችሁ የውሸት ነው ያላቸው የለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የናፈቀኝ ምንድን ነው? ግድግዳው ነው? ፊልሙ ነው? ወይስ ሁለቱም ሳይሆኑ እዚያ ውስጥ ሰው የሚሆነው ነገር?

ጫጫን ለማያውቅ፦ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ሸኖን አልፎ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የሚገኝ ከተማ ነው። የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ኩበት፣ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ቆዳ የሚልጥ ውርጭ። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ጫጫን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ሾፌሩ ሻይ ካላማረው በቀር አይቆምም። ልጆች ሆነን አስፋልት ዳር ቆመን የሚያልፈውን አውቶቡስ እናያለን፤ በመስኮቱ ውስጥ ያሉት ደግሞ እኛን ያያሉ። ማን የማን ትርኢት እንደነበረ እስካሁን አልለየልኝም።

ሆኖም ሲኒማ ከእኛ አፈር ጋር ያለው ዝምድና ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ቅርብ ነው። ዐፄ ምኒልክ የተወለዱት ከዚሁ ከወረዳችን፣ ከአንጎለላ ነው፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.። ሉሚዬር የሚባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ እያስከፈሉ ለሕዝብ ፊልም ያሳዩት በፈረንጅ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። ወደ እኛ ሲመለስ ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ይሆናል፤ የቅዱስ ገብርኤል ዕለት። አምባላጌ ላይ ድል ከተገኘ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ለአድዋ ሁለት ወር ገደማ ይቀራል። አንጎለላ የተወለዱት ንጉሥ ጦር ይዘው ሰሜን ላይ ሳሉ፣ ሲኒማ ፓሪስ ላይ ትኬት መቁረጥ ጀመረ ማለት ነው። ከአድዋ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ማሽኑ ራሱ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ገባ። ስልክም ሆነ መኪና፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣላቸው ቀድመው የሚነኩት ምኒልክ ይህንንም ተቀምጠው አዩ። በሲኒማ ታሪክ ውስጥ የወረዳችን ድርሻ ይኸው ነው፤ ትንሽ ቢሆንም አንለቅም።

የቤተ መንግሥቱ ማሳያ ግን የቤተ መንግሥት ነበር። ለሕዝብ የሚሆን ቤት ፒያሳ አካባቢ ሲከፈት ከተማው ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ሆነ። ዛሬ ይህን ስም ስንሰማ እንስቃለን፤ የአያቶቻችንን የዋህነት እንደ ቀልድ እናወራዋለን። እኔ አልስቅም። እነዚያ ሰዎች ግድግዳ ላይ የሞተ ሰው ሲራመድ፣ ባቡር ሳይመጣ ሲመጣ አዩና ይህን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ከእነሱ በኋላ የመጣነው ትኬት ቆርጠን ስንገባ ይህን ጥያቄ አልጠየቅንም። መልሳቸው ቢሳሳት እንኳ ጥያቄያቸው ልክ ነበር።

ልክ መሆኑን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጫጫ አለፍ ብላ ያለችው ደብረ ብርሃን የተቆረቆረችው ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በዚያ ሰፍረው ሳሉ በሌሊት ሰማዩ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ዙፋናቸውንም እዚያው ተከሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ታሪኩን ስናወራ የምንዘልለው ክፍል አለ። ከብርሃኑ በፊት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በድንጋይ ተወግረው ነበር፤ ብርሃኑም እግዚአብሔር በዚያ ቅጣት ደስ እንደተሰኘ ምልክት ተደርጎ ተተረጎመ። ሕዝብ በጨለማ ቆሞ አንድ ብርሃን አየ፤ የብርሃኑን ትርጉም የነገረው ግን ሥልጣን ያለው ነው።

ስለ ሲኒማ ቤት ስንጽፍ «በአንድነት ማየት» የሚለውን ነገር ቅዱስ አድርገን የማቅረብ ልማድ አለን። ሰው ሁሉ በአንድ ጨለማ ተቀምጦ፣ አብሮ ስቆ፣ አብሮ አልቅሶ ይባላል። እውነት ነው። ግን አብሮ ማየት በራሱ ንጹሕ አይደለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ከመድፉ ጋር ካሜራም ይዞ ነው የገባው፤ ሉቼ የተባለው የመንግሥቱ የፊልም ተቋም ጦርነቱን እየቀረጸ ለሮማ ሰው ያሳይ ነበር፤ የእኛ መሞት እዚያ ጭብጨባ ነበር። አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ደግሞ ፒያሳ ላይ ሲኒማ ቤት አቆመ፤ ነጭና ጥቁር በአንድ አዳራሽ አብሮ እንዳይቀመጥም በሕግ ለየ። ዛሬ የምንናፍቃቸው አንዳንድ ውብ ግንቦች መጀመሪያ የተሠሩት እኛን በውጭ ለማስቀረት ነው። «ሲኒማ ማርኮኒ» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው የሄደውን ቤት ንጉሠ ነገሥቱ አስጨርሰው፣ የዘውድ በዓላቸው 25ኛ ዓመት ሲከበር በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብለው ከፈቱት። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። ቤት ባለቤት ይለውጣል፤ ትርጉምም ይለውጣል። ስለዚህ የናፈቀኝ ግድግዳው ነው ማለት አልችልም፤ ግድግዳው የብዙ ጌታ ነበረ።

እንግዲህ ፊልሙ ነው?

ጫጫ ሲኒማ ቤት አልነበረም። ፊልም ግን ነበረ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ሁሉ ከንቱ ነው። ገብስ ጭኖ መርካቶ፣ እህል በረንዳ የሚያራግፍ የጭነት መኪና ረዳት ነበረ፤ «ጋሼ» እንለዋለን። ጭነቱ ወርዶ ሾፌሩ ሲያርፍ ጋሼ ሲኒማ ራስ ይገባል። ሲመለስ ማታ እሳት ዳር ይቀመጥና ያየውን ይተርካል። ጥይቱን በአፉ ይተኩሳል፣ ፈረሱን በጉልበቱ ይጋልባል፣ ሴቲቱ ስታለቅስ ነጠላ ከአንዷ ተቀብሎ ይከናነባል። «ዋናው አክተር አይሞትም፤ አትፍሩ» ይለናል መሃል ላይ። የአሜሪካ ካውቦይ በጋሼ አፍ ሲያልፍ የአንኮበርን ገደል ይወርዳል፣ ጠላ ቤት ገብቶ ይጣላል፣ ሌቦቹም ሽፍቶች ስለሆኑ በሬ ይነዳሉ። እንቅልፍ ሲመጣበት «የቀረው ነገ» ብሎ ይነሣል። አዛውንቶቹ ሳይቀሩ ነገን ይጠብቁ ነበር። ገብስ ቆሎ እየቆረጠምን እናዳምጣለን፤ ማንም አይናገርም።

ከተረካቸው ሁሉ ጠልቆ የቀረብኝ የሕንዱ «ማዘር ኢንዲያ» ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣ የመህቡብ ኻን ፊልም። ለጫጫ ሰው ይህን ፊልም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። አራጣ አበዳሪ አለ፤ የእህሉን አብዛኛ ድርሻ በወለድ ስም ይወስዳል። በሬው ይሞታል፤ እናትየዋ ቀንበሩን በራሷ ጫንቃ ተሸክማ ታርሳለች። ጎርፍ ይመጣል። ሁለተኛው ልጇ ግፉን አልችል ብሎ ይሸፍታል። እሳት ዳር የተቀመጡት ሁሉ ይህን ያውቁታል፤ ጋሼ ከሲኒማ ቤት ይዞት የመጣው ሳይሆን እነሱ ለጋሼ የነገሩት ይመስል ነበር። አራጣ አበዳሪው በስም ሲጠራ አሮጊቶቹ ይራገማሉ። በመጨረሻ ልጁ የአበዳሪውን ልጅ በሠርጓ ዕለት ጠልፎ በፈረስ ሲሄድ እናቱ ጠመንጃ አንሥታ ፊቱ ትቆማለች። ጋሼ እዚህ ላይ ይቆማል። «ከዚያማ እናት አይደለች፤ አስጥላ መለሰችው» ይላል። ያስታርቃቸዋል፣ ዝናብ ያዘንባል፣ ያበቃል።

ዓመታት አልፈው እኔም አዲስ አበባ ስኖር ይህንኑ ፊልም አየሁት። እናትየዋ ተኮሰች። ልጇን ገደለችው።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ደርቄ ቀረሁ። አጠገቤ ያሉት ከዚህ በፊት ያዩት ናቸው መሰለኝ፣ አልደነገጡም። እኔ ግን ሁለት ፊልም ነበረኝ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተላለፈ። ጋሼ ለምን እንደቀየረው ለመገመት ጊዜ አልፈጀብኝም። እሳት ዳር ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ልጆቻቸው ጦር ሜዳ ያሉ ነበሩ። ለእነሱ እናት ልጇን ገደለች ብሎ የሚተርክ ሰው ጫጫ ውስጥ አይገኝም።

እንግዲያው የትኛው ነው ፊልሙ? የከተማ ሰው ያለጥርጥር ስክሪን ላይ የታየውን ይላል። ቆም ብለን እናስብ። አዲስ አበባ የሚደርሰው ፊልም ራሱ ቅጂ ነበር። ከብዙ ከተማ ማሽን ሲወጣ ሲገባ ጭረት የበዛበት፣ በተበጠሰበት የተቀጠለ ጥቅል ነው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ሳንሱር ነበረ፤ መሳሳሙም ለመንግሥት የማይመቸው ንግግርም በመቀስ ይወጣ ነበር። ኦፕሬተሩ ደግሞ ያረጀውን ቦታ ቆርጦ ይቀጥለዋል። የፒያሳው ተመልካች «ሙሉውን አየሁ» ብሎ የሚምለው ፊልም በስንት ሰው እጅ ተነካክቶ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ጥቅል ቦምቤይ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ተራኪ ነው። ጋሼ በዚያ ሰንሰለት የመጨረሻው ቅጂ ነበር፤ ያውም ሳንሱሩ ከርኅራኄ የመጣ።

ስለ ማሽኑ የማውቀው አንድ ነገር ይህን ሐሳብ ያጠነክርልኛል። ፊልም በሴኮንድ 24 ፎቶግራፍ ያሳልፋል። አንዱ ሄዶ ሌላው እስኪተካ ማሽኑ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ አለበለዚያ ምስሉ ሲጎተት ይታያል። የሚጋርደው ክፍል ብርሃኑን በሚሸፍንበት ጊዜ ስክሪኑ ባዶ ጨለማ ነው፤ ዓይን ግን አያስተውለውም። ሲደመር የጊዜው እስከ ግማሽ የሚደርሰው ጨለማ ነው። «ሁለት ሰዓት ፊልም አየሁ» ያለ ሰው አንዱን ሰዓት ገደማ ምንም አላየም። እንቅስቃሴውን የሠራው፣ ክፍተቱን የሞላው ራሱ ነው። ሲኒማ ቤት የገባውም እሳት ዳር የተቀመጠውም ከጨለማው ጋር የተሰጣቸው ሥራ አንድ ነው፤ የእኛ ጨለማ ትንሽ ይበዛ ነበር፤ ሥራችንም በዚያው ልክ በዛ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ታዲያ ቤቱ ምን ያደርግልሃል? እሳት ዳር ከበቃህ ለምን ሲኒማ ራስን ትናፍቃለህ?» ሊለኝ ይችላል። ተገቢ ነው። ልመልስ።

ወደ አዳራሹ የሚገባ የገጠር ልጅ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጫማው ነው። ኮንጎ ጫማ አድርጌ ነበር የምገባው። በረኛው ትኬቱን ቀዶ ያሳልፈኛል፤ ባትሪ የያዘው ሰውዬ ብርሃኑን ወለሉ ላይ እያደረገ ወንበር ያሳየኛል። ያቺ ብርሃን እግሬ ላይ በምታርፍበት ቅጽበት ሁሉም ሰው ያየኝ ይመስለኛል። ከዚያ ትጠፋለች። ጨለማው ሲመጣ ጫማ የለም፣ አገር የለም፣ አነጋገር የለም። አንድነት ነበረ ብዬ ግን አልዋሽም። ፎቁ ውድ ነው፤ ከስክሪኑ ሥር ያለው፣ አንገት የሚያጣምመው ረድፍ ደግሞ ርካሽ። እዚያ ቤት ውስጥም ጌታና ሎሌ ነበረ። የከተማው ልጅ የሚስቅበትን ቦታ ጠብቄ እስቅ ነበር፤ መሳቅን እንኳ በኩረጃ ተማርኩት። ግን ትኬት የያዘ ሰው «አንተ የማን ነህ? ከየት መጣህ?» ሳይባል ሦስት ሰዓት የሚቀመጥበት ቦታ በዚያ ዘመን ከተማ ውስጥ ስንት ነበር? ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ቀጥሎ ሲኒማ ቤት።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ይከብዳል። ፊልሙ አይጠብቅህም ነበር። በ8 ሰዓት ይጀምራል ከተባለ ዘግይተህ ብትመጣ አልፎሃል። ብትወጣ አይቆምልህም። ያልገባህን ነገር ጎረቤትህን በሹክሹክታ ትጠይቃለህ ወይም ሳይገባህ ትቀጥላለህ። ለጋሼ እንኳ «ያችን ድገማት» ልንለው እንችል ነበር፣ ይደግማትም ነበር። የሲኒማ ቤቱ ፊልም ግን የማንንም ልመና አይሰማም። እኔ ለምኜ የማላስቆመው፣ ከእኔ ፈቃድ ውጪ የሚሄድ፣ ግን ጉዳት የማያደርስብኝ ነገር ፊት መቀመጥ ምን ያህል ዕረፍት እንደነበረው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በሕይወት ውስጥ ሳይጠይቁን የሚያልፉት ነገሮች አብዛኞቹ ያስከፍላሉ፤ ድርቅ፣ ዘመቻ፣ ሞት። እዚያ ቤት ውስጥ ከእነሱ ጋር የሚመሳሰል አንድ ነገር በጥቂት ሳንቲም እንለማመድ ነበር።

ይህ መቼ እንደተለወጠ ትክክለኛ ቦታውን የማውቅ ይመስለኛል። ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ሲገባ አይደለም። ደርግ ሲኒማ ቤቶቹን ሲወርስም አይደለም፤ ከውርሱ በኋላም ሰው ይሰለፍ ነበር። የተለወጠው ቪዲዮ ቤት ሲመጣ ነው። ጫጫም ደረሰን። አንድ ክፍል ቤት፣ የእንጨት አግዳሚ፣ በመስኮቱ ላይ የተሰቀለ ጆንያ፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ «ዛሬ አክሽን»። ገንዘብ የሌለው ውጪ ቆሞ ድምፁን ይሰማል፤ የገባው ወጥቶ ይተርክለታል፤ በዚህ በኩል የጋሼ ሥራ ለጊዜው አላለቀም። ግን ውስጥ አዲስ ነገር ተሰማ። ራምቦ ድልድዩን ሲያፈነዳ ከኋላ አንድ ልጅ «መልሰው!» ብሎ ጮኸ። ባለቤቱም መለሰው። ድልድዩ እንደገና ፈነዳ። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም አጨበጨብኩ። ዛሬ ስልኩን በአውራ ጣቱ እያንሸራተተ አንዱን ፊልም ሳይጨርስ ወደ ሌላው የሚያልፈው ወጣት ያችን «መልሰው» ወርሶ ወደ ጫፍ ያደረሳት ነው። ፊልሙ ከዚያ ወዲህ አሽከራችን ሆነ። አሽከር የሆነ ነገር ደግሞ ሊያስደነግጥህ አይችልም፤ እናትየዋ ልትተኩስ ስትል ጣትህ ይቀድማታል።

እርግጥ ነው በመሃል የትንሣኤ ዘመን ነበረ። በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም ሲጦፍ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» እና ተከታዮቹ አሮጌዎቹን አዳራሾች ሞሉ፤ ሴባስቶፖል፣ ዓለም፣ ኤድናሞል የተባሉ አዳዲሶችም ተከፈቱ። ደስ ይል ነበር። ብዙዎቹ ፊልሞች ጥሩ አልነበሩም፤ ሰልፉ ግን ጥሩ ነበር።

አሁን ለፒያሳ ወዳጆቼ የማይጥም ነገር ልናገር። በ2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ ከተመረቀ በኋላ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ የተጻፈውን ሙሾ አንብቤያለሁ፤ እኔም አዝኛለሁ። የሰው ቤት፣ የሰው ሥራ፣ የሰው ጉርብትና ነው የፈረሰው፤ ይህ ሐዘን ራሱን የቻለ ነው። ስለ ሲኒማ ካለቀስን ግን በሬሳ ላይ ነው ያለቀስነው። ከአልቃሾቹ መካከል ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ሲኒማ ኢትዮጵያ ገብቶ ትኬት የቆረጠው ስንቱ ነው? ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ግንቡን ማንም አላስታወሰውም። ሲኒማ ቤት በግንብ አይኖርም፤ በሰዓቱ መጥቶ በሚቀመጥ ሰው ነው የሚኖረው። አስመራ ከተማ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ስትሰፍር በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮም አብሮ ታወቀ፣ ተደነቀ፤ ግን መደነቅና መሙላት ሁለት ነገር ናቸው።

ሌላም ቅሬታ አለኝ፤ ይኸኛው የቆየ ነው። እነዚያ ታላላቅ አዳራሾች ሕንድን አሳዩን፣ አሜሪካን አሳዩን፣ ሶቪየትን አሳዩን። ሸዋን ስንት ጊዜ አሳዩን? «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ተሠራ፤ «ጉማ» በ1966 ተከተለ፤ በመሃል ያለው ባዶ ረጅም ነው። ኃይሌ ገሪማ ንጉሡ በወረዱበት ሰሞን ጥቂት ሳምንት ብቻ ቀርጾ የሠራውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያየሁት በትልቁ ስክሪን ሳይሆን በጣም ዘግይቼ በትንሽ ኮምፒውተር ነው። ጭሰኛው ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ በሬውን ሲጠምድ የሚታይበት ጥቁርና ነጭ ምስል፣ ጌትየው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲያዝዝ። አባቴን ያየሁ መሰለኝ። ይህ ምስል ሲኒማ ራስ ስክሪን ላይ፣ የቤት ያህል ሆኖ፣ እህል በረንዳ ገብስ ያራገፉ ሰዎች ፊት ቢታይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ጋሼ ያንን ተርኮ ጫጫ ቢመለስ የት ይቆርጠው ነበር? የሚያስታርቅበት ቦታ የሚያገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ የናፈቀኝ ይኸው ነው፤ ሁለት ነገር በአንድ ላይ። የማይጠብቀኝ ፊልምና የሚጠብቀኝ ሰው። ሲኒማ ራስ ፊልሙን ያለልመና ይለቅቃል፤ ጋሼ ደግሞ ከዚያ የወጣውን ይዞ 110 ኪሎ ሜትር መጥቶ፣ የሚያዳምጠውን ሰው ፊት አይቶ፣ የሚችለውን ያህል ያካፍለዋል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነበር። አዳራሹ ብቻውን ቢሆን ጫጫ አይደርስም፤ ጋሼ ብቻውን ቢሆን የሚተርከው አያገኝም። ዛሬ ሁሉም ሰው ሁሉንም ፊልም ማየት ስለሚችል ማንም ለማንም አይተርክም። «አይተኸዋል?» እንባባላለን፤ «አዎ» ወይም «ሊንኩን ላክልኝ» ነው መልሱ።

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የታክሲ ረዳት «አምባሳደር!»፣ «ሲኒማ ራስ!» ብሎ ይጠራል፤ ተሳፋሪው ፊልም ሊያይ ሳይሆን ገበያ ሊሄድ ይገባል። ስሙ እስካለ ድረስ የሚያስታውሱ ሰዎችም አሉ። የማሽን ኦፕሬተሮቹ፣ ትኬት ቆራጮቹ፣ ባትሪ የሚያበሩት ሰዎች ከሞት የተረፉት ሸምግለዋል። ስለ ግንቦቹ ፎቶ ተነሥቷል፤ ስለ እነሱ ግን ብዙ አልተጻፈም። ጋዜጠኛ የሆናችሁ፣ የፊልም ትምህርት የምትማሩ፣ ወደ እነሱ ሂዱ፤ የተበጠሰ ፊልም እንዴት ይቀጠል እንደነበር፣ የትኛው ትዕይንት በመቀስ እንደወጣ፣ አዳራሹ የቱ ላይ እንደሚያለቅስ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እናንተ ደግሞ በጫጫ፣ በሸኖ፣ በሰላ ድንጋይ፣ በደብረ ሲና፣ በየመንገዱ ዳር ከተማ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በሰፈራችሁ ማታ ማታ ፊልም ይተርክ የነበረ ረዳት፣ ወታደር ወይም ተማሪ በሕይወት ካለ፣ ዘንድሮ ሳያልፍ አንድ ምሽት ሄዳችሁ አስተርኩት። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። እየተረከ ሳለ ግን አታቋርጡት፤ መጨረሻውን ቢቀይረውም አታርሙት።